የትምህርት ቤት ቦርድ በሩን መቼና እንዴት ይዝጋ?

በመንዝም ሆነ በምንጃር፣ በአንኮበርም ሆነ በሞረትና ጅሩ፣ የገጠር ትምህርት ቤት ቦርድ ወላጆችን ለስብሰባ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው እርሻ በማይወጣበት የበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ወላጁ ጋቢውን እንደተከናነበ በግቢው ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰብሳቢው አጀንዳውን ያነባል፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳው፣ ስለ አጥሩና ስለ መዋጮው ውይይቱ ይቀጥላል። ከዚያ አንድ አጀንዳ ላይ ሲደረስ ሰብሳቢው «ይህኛው በቢሮ ይታያል» ይላል፤ አምስት ስድስት ሰዎች ተነሥተው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይገባሉ፤ በሩም ይዘጋል። ውጭ የቀረው ወላጅ ለምን እንደተዘጋ ስላልተነገረው የመሰለውን ይገምታል፤ ግምቱም ቦርዱ ከቢሮ ሳይወጣ ወሬ ሆኖ መንደር ይደርሳል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ እንዲሁም ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ሰብሳቢዎችና ጸሐፊዎች ነው፤ ውጭ ለሚቀሩ ወላጆችም የሚሆን ክፍል በመጨረሻው አካባቢ አለበት። በመንዝ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመምህርነትና በስብሰባ ጸሐፊነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት በሩ መዘጋት ሲገባው ክፍት ሆኖ ልጅ ሲጎዳ፣ መከፈት ሲገባው ደግሞ ተዘግቶ እምነት ሲጠፋ አይቻለሁ። ሁለቱም ጥፋቶች የመጡት ከክፋት ሳይሆን፣ ማንን ለመጠበቅ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ካለመጠየቅ ነው።

ደንቡ ክፍትነት፣ መዝጋት ግን ምክንያት የሚጠየቅበት

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደሩ ወደ ታች እንዲወርድና ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤቱ ጉዳይ እንዲሳተፍ መንገድ ከከፈተ ወዲህ፣ ቦርዱና ኅብረቱ የሚሠሩት በወላጁ ስም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን ያዛል። ስለዚህ በሩ እንዲከፈት የሚፈልግ ሰው ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅበትም፤ ማስረዳት ያለበት እንዲዘጋ የሚፈልገው ነው።

ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል። ፍርድ ቤት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ እንዲያስችል የሚያዘው አንቀጽ 20 እንኳ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን የሞራል ሁኔታና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ክርክሩ በዝግ ችሎት እንዲሰማ ይፈቅዳል። ቦርድ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ነገር ግን ዳኛ በሩን የሚዘጋው እንዲህ በተቆጠሩ ምክንያቶች ብቻ ከሆነ፣ የመፍረድ ሥልጣን የሌለው ቦርድ ከዳኛው በላይ ሰፊ የመዝጋት መብት ሊኖረው እንደማይችል መረዳት አያዳግትም።

ሌላውም ዓለም በዚሁ ጥያቄ ላይ ሕግ አውጥቶበታል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የወጣውና ብራውን አክት በመባል የሚታወቀው ሕግ የትምህርት ቤት ቦርዶችን ጨምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች በአደባባይ እንዲሰበሰቡ ያዛል። በዝግ እንዲያዩ የሚፈቅድላቸው እንደ ሠራተኛ ቅጥርና ክስ፣ በፍርድ ቤት የተያዘ ክርክር፣ የመሬት ግዢ የዋጋ ድርድር ያሉ ተለይተው የተጻፉ ጉዳዮችን ነው፤ የተማሪ ቅጣትም በዚያው ክፍለ ግዛት የትምህርት ሕግ መሠረት በዝግ ይታያል። የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት ሲለጠፍ በዝግ የሚታየውም ጉዳይ በዓይነቱ ይጠቀሳል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረከኝ ግን ሌላ ድንጋጌ ነው፤ ክስ የቀረበበት ሠራተኛ ጉዳዩ በአደባባይ እንዲሰማለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህም ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ምስጢሩ የቦርዱ ሳይሆን የባለጉዳዩ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ አላገኘሁም።

በሩ የሚዘጋባቸው ጉዳዮች

አንድ አጀንዳ ሲቀርብ «ይህ ነገር በአደባባይ ቢነገር የሚጎዳው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ልጅ፣ ወይም ገና ያልተረጋገጠ ክስ የቀረበበት ሰው ከሆነ በሩን ዝጉ። መልሱ ቦርዱ፣ ርዕሰ መምህሩ ወይም የቀበሌው አመራር ከሆነ ክፈቱት፤ እነርሱን የሚጎዳው የራሳቸው ሥራ ነውና።

የልጆች ጉዳይ ከሁሉ ይቀድማል። ከትምህርት የቀረችበት ምክንያት የሚመረመር ተማሪ፣ በቤቱ ችግር የደረሰበት ልጅ፣ የጤና ሁኔታው የሚነሣ፣ የሥነ ምግባር ቅጣት የሚጠብቀው፣ ችግረኛ ስለሆነ ደብተርና የደንብ ልብስ የሚታደለው ሁሉ በዝግ መታየት አለበት። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ቦርዶች ይዘነጉታል፤ ከደግ ልብ በመነሣት የችግረኛ ልጆችን ስም በሰልፍ ላይ ወይም በወላጆች ፊት አንብበው፣ ልጆቹን አስቁመው፣ ደብተር ሲያድሉ አጨብጭበንላቸዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ በጓደኞቹ ዘንድ በምን ስም እንደሚጠራ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

እኔ በጸሐፊነት በተገኘሁበት አንድ ስብሰባ ላይ፣ የቀሪ ተማሪዎች ስም ዝርዝር በአደባባይ ሲነበብ የአንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ስም ተጠራ። አንድ ሰው ከኋላ ተነሥቶ ልጅቱ የቀረችው ለጋብቻ ታጭታ እንደሆነ ተናገረ፤ ሌላው ደግሞ የለም፣ ሌላ ምክንያት ነው አለ፤ እናትየዋ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በአደባባይ እንዲነበብ መደረጉንም አልተቃወምኩም። ልጅቱ ወደ ትምህርት አልተመለሰችም። ያን ዕለት ጉዳዩ በአራት ሰዎች ፊት፣ በቢሮ ውስጥ፣ እናትየዋን አስቀምጦ ቢታይ ኖሮ መመለስ ይቻል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በመምህር ወይም በሌላ ሠራተኛ ላይ የቀረበ አቤቱታም ገና ሳይጣራ በአደባባይ አይነበብም። ቦርዱ አቤቱታውን ተቀብሎ፣ መምህሩን ሰምቶ፣ አስተያየቱን ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይልካል፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሚቀጣው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መሠረት በዲሲፕሊን ሥርዓት ተጣርቶ እንጂ በግቢ ውስጥ በጭብጨባ አይደለም። በትንሽ ከተማ ውስጥ ስሙ አንዴ የጠፋ መምህር ነፃ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ስሙን መልሶ የሚያነጻለት ስብሰባ አይጠራለትም።

የቀሩት ጥቂትና አጫጭር ናቸው፦ የፈተና ወረቀት የሚቀመጥበት ቦታና የሚጓጓዝበት ሰዓት፣ የግቢው የጥበቃ ሁኔታ፣ ትምህርት ቤቱ በፍርድ ቤት ስለያዘው የይዞታ ክርክር ከዐቃቤ ሕግ ጋር የሚደረግ ምክክር፣ ያልተከፈተ የጨረታ ሰነድ። እነዚህ ምስጢርነታቸው የተወሰነ ዕድሜ አለው፤ ፈተናው ሲያልፍ፣ ፖስታው ሲከፈት ያበቃል።

የማይዘጋባቸው

ገንዘብ። የትምህርት ቤቱ ድጎማ በጀት፣ የወላጅ መዋጮ፣ የግቢው ሣርና የባሕር ዛፍ ሽያጭ፣ የመማሪያ ክፍል ግንባታ፣ የወንበር ግዢ፣ እነዚህ ሁሉ በአደባባይ ተነሥተው በአደባባይ ይወሰናሉ፤ ሒሳቡም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አንድ ቦርድ የተማሪ ዴስክ የሚሠራበትን ዋጋ «ለማፋጠን» ሲል በቢሮ ወስኖ ወጣ። ቆይቶ ሒሳቡ ሲመረመር አንድም ብር አልጎደለም፤ ሆኖም በማግሥቱ ዓመት ለአጥሩ መዋጮ ሲጠየቅ ያዋጣው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ንጹሕ ሥራ በዝግ በር ስለተሠራ ብቻ እንደ ቆሻሻ ተቆጠረ፤ ወላጁንም ልወቅሰው አልችልም፤ የሚያውቅበት መንገድ አልተሰጠውም።

የቦርድ አባላት ርስ በርስ መጣላታቸው፣ ርዕሰ መምህሩ መወቀሱ፣ የፈተና ውጤት ማሽቆልቆሉ፣ «ስብሰባው ይረብሻል» የሚል ስጋት፣ ከወረዳ የመጣ እንግዳ መኖሩ፣ ከእነዚህ አንዱም በር አያዘጋም።

አዘጋጉ

ሥራው የሚጀምረው ከስብሰባው ሦስት አራት ቀን ቀድሞ፣ አጀንዳው ሲለጠፍ ነው። በዝግ የሚታየው ጉዳይ ከአጀንዳው አይሰወርም፤ ዓይነቱ ይጻፋል፣ ባለቤቱ ግን አይታወቅም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ብልህ መሆን አለበት። «የአንዲት የ7ኛ ክፍል ሴት ተማሪ ጉዳይ» ብሎ መጻፍ ስም እንዳልጠራ ሊያስመስል ይችላል፤ በክፍሉ ውስጥ ሰሞኑን የቀረችው አንዲት ልጅ ብቻ ከሆነች ግን ስሟን ከመጥራት አይለይም። «የተማሪ የግል ጉዳይ፤ በዝግ የሚታይ» ይበቃል። ባለጉዳዩ፣ ልጅም ከሆነ ከወላጁ ወይም ከአሳዳጊው ጋር፣ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ይነገረዋል።

በስብሰባው ዕለት መዝጋቱ ራሱ የሚወሰነው በክፍት ስብሰባ ነው። ሰብሳቢው ተነሥቶ ሦስት ነገር ይናገራል፤ ምን ዓይነት ጉዳይ እንደሆነ፣ በሩ የሚዘጋው ማንን ለመጠበቅ እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት ተመልሰው ውጤቱን እንደሚናገሩ። «ቀጣዩ አጀንዳ የአንድ ተማሪ የግል ጉዳይ ስለሆነ፣ የልጁን ክብር ለመጠበቅ በቢሮ እናየዋለን፤ እስከ 6 ሰዓት ተመልሰን የደረስንበትን እንነግራችኋለን» ቢል አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ከዚያ የቦርዱ አባላት እጅ አውጥተው ይወስናሉ፤ ድምፁም ይቆጠራል።

በመንዝ የጓሳን ሣር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም የመንዝ ሰው የጋራ የሣር መሬቱን ጓሳን በሚጠብቅበት ደንብ፣ ጓሳው ለዓመታት ሲዘጋ፣ የተዘጋው ሣሩ እንዲያገግም መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የሚከፈትበትም ቀን በይፋ ተነግሮ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር። ሰው መዘጋቱን የታገሠው ምክንያቱና መክፈቻው የተነገረው በመሆኑ ነው።

ስለ ቢሮው አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። አብዛኛው የገጠር ትምህርት ቤት ቢሮ ከመምህራን ማረፊያ ጋር በቀጭን ግድግዳ ወይም በቆርቆሮ የተለየ፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ነው፤ በአንዱ ወገን በሹክሹክታ የተነገረ በጣራው ሥር አልፎ በሌላው ይሰማል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ በር መዝጋት ማስመሰል ብቻ ነው። ከዳር ያለ መማሪያ ክፍል ምረጡ፤ በአካባቢው ሰው እንዳይቆም አንድ አባል ውጭ ይቁም። የአባላቱ ስልክ ከጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ ከክፍሉ ይውጣ፤ ዛሬ የተቀዳ ድምፅ ማታውን በቴሌግራም ደብረ ብርሃን ይደርሳል።

ወደ ክፍሉ የሚገባው ለጉዳዩ የሚያስፈልግ ብቻ ነው። ከልጁ ጋር ዝምድና ያለው፣ በአበልጅነትም ሆነ በጋብቻ የተሳሰረ፣ ወይም ከተከሰሰው መምህር ጋር ጠብ ያለው አባል ይህንኑ ተናግሮ ይወጣል፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። በእኛ አገር ዝምድና ሰፊ ስለሆነ ይህን በጥብቅ ካልያዝነው በዝግ ስብሰባ የሚቀመጠው ጉባኤ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ይሆናል። የተማሪ ጉዳይ ሲታይ በኅብረቱ ውስጥ ያለው የተማሪዎች ተወካይም ይወጣል፤ ባለጉዳዩ ልጅ ግን ሊሰማ ይገባዋል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 ልጁ ስለራሱ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲናገር ይደነግጋል። ልጁን ስድስት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ወገን ተደርድረው አያስቁሙት፤ ከጎኑ የሚያምነው ሰው አስቀምጡለት፤ ሴት ልጅ ከሆነች ቢያንስ አንዲት ሴት መምህርት ትገኝላት።

በክፍሉ ውስጥ የሚነሣው የተባለው ጉዳይ ብቻ ነው። «ከተሰበሰብን አይቀር» ተብሎ የአጥሩ ሒሳብ የሚጎተትበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ «ይህ የውጭ አጀንዳ ነው» ማለት አለበት።

ቃለ ጉባኤው ለሁለት ይከፈላል። በዋናው መዝገብ ላይ ለማንም የሚነበብ አጭር ማስታወሻ ይጻፋል፦ «ከረፋዱ 5፡10 እስከ 5፡50 ቦርዱ የአንድ ተማሪ የግል ጉዳይ ለመመልከት በዝግ ተሰብስቧል፤ 5 አባላት ተገኝተዋል፤ አንድ አባል በዝምድና ምክንያት ራሳቸውን አግልለዋል፤ ውሳኔ ተላልፏል።» ዝርዝሩ፣ ማለትም የተነገረው ቃል፣ የቀረበው ማስረጃና የውሳኔው ምክንያት፣ በተለየ ወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ በፖስታ ታሽጎ በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጣል። ዝርዝሩን ጨርሶ አለመጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያልተጻፈ ውሳኔ ልጁ ወይም መምህሩ ይግባኝ ሲል ማንም ሊያስረዳው አይችልም። የግል መረጃን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከታወጀ ወዲህ ደግሞ የሰውን የግል መረጃ እንደ ዋዛ ሜዳ ላይ መተው በሕግም የሚያስጠይቅ እየሆነ መጥቷል።

ሲጨርስ ቦርዱ በኋላ በር አይሄድም። ወደ ወላጆቹ ተመልሶ ሰብሳቢው ሊነገር የሚችለውን ይናገራል፦ «ጉዳዩን አይተናል፤ ተማሪው ትምህርቱን እንዲቀጥል ወስነናል» ወይም «አቤቱታውን ከአስተያየታችን ጋር ወደ ወረዳው ልከናል»። ብዙ ቦርዶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ አዘጋጉን አሳምረው፣ መመለሱን ይረሱታል።

በዝግ በር የማይሸፈን ነገር

በልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሲሰማ የዝግ ስብሰባው ሥራ ልጁን ጠብቆ ጉዳዩን ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማድረስ ብቻ ነው። መድፈር፣ ድብደባ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ በቦርድ ወይም በሽምግልና የሚያልቁ አይደሉም፤ ያለዕድሜ ጋብቻ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 የሚያስቀጣ ነው። «የልጅቱ ስም እንዳይጠፋ» እየተባለ አጥፊው የሚድንበትን፣ ሽማግሌ ካሣ ቆጥሮ የሚነሣበትን ስብሰባ እኔ ዝግ ስብሰባ አልለውም። የልጅቱ ስም የሚጠበቀው ለመንደሩ ባለመናገር ነው፤ ለሕግ ባለመናገር አይደለም። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ውስጥ የተቀመጠ አባል «ምስጢር ነው» ተብሎ ዝም እንዲል ቢጠየቅ፣ የገባው ቃል ዝም እንዲያሰኘው መፍቀድ የለበትም።

ውጭ ለቀረ ወላጅ

በሩ ሲዘጋ መቆጣት አያስፈልግም፤ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል። የጉዳዩ ዓይነት ምን እንደሆነ፣ ማንን ለመጠበቅ እንደተዘጋ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚነገር ጠይቁ፤ የማንን ልጅ እንደሚመለከት ግን አትጠይቁ፤ ነገ የእናንተ ልጅ ሊሆን ይችላል። መልስ ካልተሰጣችሁ ጥያቄያችሁ በዋናው ቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ አድርጉ። የገንዘብ ጉዳይ በዝግ እንደታየ ካወቃችሁ ሰነዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንግሥታዊ አካል የያዘውን መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ ለጥያቄውም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። የሌላ ሰውን የግል መረጃ ግን ይኸው አዋጅ ይከልላል። መልስ ከተነፈጋችሁ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

ቦርዱ የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሶ ለአዲሱ ሲያስረክብ የታሸጉት ፖስታዎች በቁጥር ይረከቡ፤ ምስጢርነታቸው ያበቃ የግዢና የጨረታ ሰነዶች በዚያው ዕለት ተለይተው ወደ ዋናው መዝገብ ይግቡ፤ የልጆቹ ፖስታዎች ሳይከፈቱ፣ ቁልፉን ማን እንደያዘ በፊርማ ተረጋግጦ ወደ ሣጥኑ ይመለሱ።